ሦስት ጀሪካን ቀሪቦ

«አረቄ በምታወጣ ሴት እጅ የተሠራ ነገር ሼኹ ፊት ልታቀርቢ ነው?»

ድምፁ የመጣው ከቆርቆሮው አጥር ማዶ ነው። ሻሺቱ የድፍድፍ በርሜሏን ክዳን አንስታ በረጅም እንጨት እያማሰለች ነበር፤ እጇ እንጨቱን እንደያዘ ቀረ። ተናጋሪዋን ለመለየት አልተቸገረችም፤ ለሠርግ ከወራቤ መጥታ ከሐሙስ ጀምሮ ግቢውን ሞልታው የሰነበተችው የኸሊፋ እህት ናዕማ ናት። ሻሺቱ ጆሮዋን ያቆመችው ግን ለናዕማ አልነበረም፤ ለባህሪያ ነው። ባህሪያ የኸሊፋ ሚስት፣ የእሷ ደግሞ የሃያ ሁለት ዓመት ጎረቤት ናት። አንድ የውሃ ቆጣሪ ለሁለት ይጠቀማሉ፤ አንዷ ስትታመም የሌላዋ ቤት እሳት ለሁለቱም ይነዳል። «ተይ እንጂ ናዕማ፣ ምን ማለትሽ ነው» ትላታለች ብላ ጠበቀች። ድስት ሲጎተት ተሰማ። ሽንኩርት ሲከተፍ ተሰማ። ከባህሪያ ግን ቃል አልወጣም። ሻሺቱ በርሜሉን ከደነችና አጠገቡ ባለው ዱካ ላይ ተቀመጠች። አረቄ አውጪ መባሉ አዲስ አይደለም፤ እንጀራዋ ነው፣ አታፍርበትም። የባህሪያ ዝምታ ግን አስከፋት።

ነገሩ የተጀመረው ሐሙስ ማታ ነው። የባህሪያ የበኩር ልጅ የሱዓድ ኒካህ ዓርብ ከጁምዓ ሰላት በኋላ ሊታሰር ተቀጥሮ ነበር፤ ለድግሱም ቀሪቦ የምትሠራው እንደ ሁልጊዜው ሻሺቱ ነበረች፤ ያን ማታ ሦስት ጀሪካን ሠርታ ለባህሪያ አሻገረችላት። ቀሪቦ ከተቆላ ገብስ የሚፈላ፣ በስኳር የሚጣፍጥና ጥቂት እርሾ ጠብ የሚደረግበት ጥቁር መጠጥ ነው። በማግስቱ ከተጠጣ ማንንም ምንም አያደርግም፤ ሙስሊሙም ጴንጤውም በየድግሱ የሚያቀርበው ለዚህ ነው። የሻሺቱ ቀሪቦ ደግሞ አርባ ምንጭ ሲቀላ ሰፈር ውስጥ የታወቀ ነው። ለዒድ ትጠራለች፣ ለልጅ ስም ማውጫ ትጠራለች፣ የጴንጤዋ ልጇ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ሳይቀሩ በሰው በሰው ያሠሯታል። አረቄ የምታወጣበትና ቀሪቦ የምትሠራበት ዕቃ ተነካክተው አያውቁም፤ የቀሪቦው ድስት፣ ማጥለያውና ማማሰያው በማዳበሪያ ከረጢት ታስረው አልጋዋ ሥር ነው የሚያድሩት። እንዲህ አድርጊ ብሎ ያዘዛት የለም። ባህሪያ አንድ ቀን ከረጢቱን አይታ «ይኼ ምንድን ነው?» ብትላት «የእናንተ ነው» አለቻት፤ ከዚያ ወዲህ ስለ ዕቃ ተነጋግረው አያውቁም።

ኸሊፋም የራሱ ሥርዓት አለው። ከሲቀላ ገበያ ፊት ለፊት ባለው መደብሩ ስኳር፣ ዘይትና ዱቄት በጅምላ ያከፋፍላል። ጌሾ ግን አይሸጥም፤ ሁለት እጥፍ እንከፍላለን ቢሉትም አይሸጥም። ስኳሩን በኩንታል ጭነው ወደ አረቄ ቤት የሚወስዱትን ሴቶች «ለምን ይሆን?» ብሎ ጠይቋቸው አያውቅም፤ ሻሺቱም ለምን እንደሆነ ነግራው አታውቅም። ሁለቱ ቤቶች በዚህ ዓይነት አለመጠያየቅ ነው ሃያ ሁለት ዓመት በፍቅር የኖሩት።

ዓርብ ማለዳ ስልክ ተደወለ። የሙሽራው ሽማግሌዎች መኪና ሶዶ ላይ ተበላሽቶ ኖሯል፤ ኒካሁ ለቅዳሜ ተላለፈ። ሻሺቱ ይህን እንደሰማች ተሻግራ ባህሪያን አስጠነቀቀቻት። ሦስቱም ጀሪካኖች ውሃ በተሞላ በርሜል ውስጥ ይነከሩ፣ ክዳናቸው ላላ ይበል፣ ማንም ምንም አይጨምርበት። እርሾውን የአርባ ምንጭን ሙቀት ፈርታ ከወትሮው ቀንሳዋለች፤ እንደተነገረው ከተያዘ እስከ ቅዳሜ ይቆያል። ባህሪያ «እሺ» አለች። ቤቱ በሰው ተሞልቶ፣ ሁለት በግ ታርዶ፣ ሕፃናት በየእግሩ እየገቡ ስለነበር «እሺ»ው የት እንደደረሰ ግን እግዜር ይወቅ።

አሁን ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሆኗል። ሻሺቱ ዱካው ላይ እንደተቀመጠች በአጥሩ መካከል ያለችው ትንሽ በር ተንኳኳች፤ ባህሪያ አንድ ማንቆርቆሪያ ሙሉ ቀሪቦ ይዛ ብቅ አለች። የመጀመሪያው ማንቆርቆሪያ ለሠሪዋ ነው፤ ይህም ማንም ያልደነገገው የቆየ ልማዳቸው ነው። ባህሪያ ለሠርጉ ያሠራችውን ሐምራዊ ቀሚስ ገና አልለበሰችም፤ ክንዷ እስከ ክርኗ በሽንኩርትና በበርበሬ ቀልቷል።

«እንቺ ሻሺ፣ ቅመሺልኝ። ስምንት ሰዓት ላይ ይመጣሉ፤ ቀደም ብለሽ ነይ» አለች። ዓይኗ ማንቆርቆሪያው ላይ ነበር።

«እሺ። ሱዓድ ቁርስ በላች?»

«የት ትበላለች፣ ሒናዋ ይበላሽብኛል ብላ እጇን ዘርግታ ተቀምጣለች። እኔው ነኝ የማጎርሳት።»

ሁለቱም ትንሽ ሳቁ። ባህሪያ ጠዋት የተባለው በአጥሩ ማዶ ተሰምቶ እንደሆነ መጠየቅ ፈልጋ ነበር፤ ፊቷ ያስታውቃል። አልጠየቀችም። «በይ» ብላ ተመለሰች።

ሻሺቱ ከማንቆርቆሪያው በብርጭቆ ቀዳች። ገና ወደ አፏ ሳይደርስ አፍንጫዋ ቀደማት። ጎንጨት አለች፤ ምላሷን ነከስ አድርጎ ወርዶ ጉሮሮዋ ላይ ሞቅ አለ። ደግማ ቀመሰች፣ አፏን በውሃ ተጉመጥምጣ ለሦስተኛ ጊዜ ቀመሰች። ስኳሩ በዝቷል፣ ከስኳሩ ሥር ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ያን ሌላ ነገር ሃያ ዓመት በአፍንጫዋ እያሸተተች ልጅ ያሳደገችበት ስለሆነ ልትሳሳት አትችልም። ይኼ ቀሪቦ መጠጥ ሆኗል።

በዚያ ግቢ ውስጥ ይህን ማወቅ የሚችል አንድ ሰው እንኳ እንደሌለ ወዲያው ገባት። ባህሪያ በዕድሜዋ ጠላ በከንፈሯ አልነካችም። ናዕማም፣ ኸሊፋም፣ ሼኹም እንደዚያው። ለእነሱ ይኼ ጣፋጭና ጠንከር ያለ ቀሪቦ ነው፤ ጠጥተው «እጇ ይባረክ» ብለው ይሄዳሉ። ማንም አያውቅም። ብትናገር ግን የናዕማ ነገር እውነት ሆኖ ቁጭ ይላል፤ አረቄ አውጪዋ ለኒካህ አረቄ አቀረበች ይባላል። ከዛሬ በኋላ በዚያች ትንሽ በር መግባት እንደማትችል ታውቃለች። ደግሞ ዛሬ ዛሬ ነው። ሱዓድ ከቤት ስትወጣ ጋቢ የምታለብሳት ሻሺቱ ናት፤ ባህሪያ ራሷ ናት የለመነቻት። ሱዓድ አፏን ስትፈታ «እማ ሻሺ» ያለቻት ልጅ ናት። ጋቢውን ዶርዜ ያለው ወንድሟ ወልደ ሚካኤል በእጁ ሸምኖታል፤ የአረቄ ጭስ እንዳይገባበት ብላ ሴቻ ሰፈር ባለው የልጇ ቤት አስቀምጣዋለች። አሁን ያ ሁሉ በአንድ ማንቆርቆሪያ ላይ ተንጠለጠለ።

አራት ሰዓት ላይ ጋሽ አለምሰገድ መጣ። ጡረታ የወጣ የመንግሥት ሹፌር ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በዚህ ሰዓት ሁለት መለኪያ ጠጥቶ፣ ስለ ሙዝ ዋጋ አማርሮ፣ አርባ ብሩን ጠረጴዛው ላይ ትቶ ይሄዳል። ሻሺቱ መለኪያውን ከማቅረቧ በፊት ብርጭቆውን ሰጠችው።

«ይቅመሱና ይንገሩኝ።»

ቀመሰ። ዓይኑን ጨፍኖ እንደገና ቀመሰ። «ጥሩ ነው። ጌሾ የለበትም እንጂ ጠላን ያስንቃል። የማን ነው?»

«የባህሪያ ልጅ ሠርግ ቀሪቦ ነው።»

ጋሽ አለምሰገድ ሳል እስኪይዘው ድረስ ሳቀ። «እንዲህ ያለ ቀሪቦ ካላቸውማ ነገውኑ እሰልማለሁ!» ሻሺቱ እንዳልሳቀች ሲያይ ፊቱን ሰብሰብ አደረገ። ነገሩን ስትነግረው መለኪያውን በጣቱ እያዞረ ሰማትና «እኔን ከጠየቅሽ ዝም በይ» አለ። «ሳያውቁ ለጠጡት የእኛም የነሱም አምላክ አይቆጣም። ወይ ደግሞ እንደምንም ብለሽ ተቀበያቸውና በርሜልሽ ውስጥ ጨምሪው፤ አምስት ሊትር አረቄ አያጣም።»

ሻሺቱ የሚካኤል ማኅበርተኛ ናት፤ በየወሩ በአሥራ ሁለት ጠላውን ቄሱ ባርከው መጀመሪያ እሳቸው ይቀምሱታል። መጠጣት ኃጢአት አይደለም፣ ሰክሮ ራስን መጣል ነው ኃጢአቱ፤ እሷ የተማረችው እንዲህ ነው። የልጇ ፓስተር ደግሞ ሽታውም አይቅረባችሁ ይላል። የባህሪያ ሼኽ ጠብታውም ሐራም ነው ይላሉ። ሻሺቱ እነዚህን ሦስቱን አንድ ላይ አስቀምጣ ማን ትክክል ነው ብላ መዝና አታውቅም፤ ማን ምን እንደሚጠጣ ለይታ፣ ለሁሉም እንደየእምነቱ ስትሰጥ ኖረች። የአርባ ምንጭ ሙቀት ግን ቄስም፣ ፓስተርም፣ ሼኽም ሳይጠይቅ ያፈላል። ጋሽ አለምሰገድ ሁለተኛውን ጠጥቶ፣ የአንድ እጅ ሙዝ ዋጋ የት እንደደረሰ ነግሯት፣ ሂሳቡን አስቀምጦ ወጣ። እሷ ተቀምጣ ወደ ማንቆርቆሪያው ታያለች።

ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ልጇ ብሩክታዊት በባጃጅ መጣች። ጋቢውን በንጹሕ ፌስታል ይዛለች፤ ለሠርጉ ለብሳለች፤ በሌላ እጇ ደግሞ ያቺ የውሃ ጠርሙሷ አለች። ብሩክታዊት ጴንጤ ከሆነች አራት ዓመቷ ነው። ሴቻ ተከራይታ ትኖራለች፣ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። እናቷ ቤት ስትመጣ ምሳ ትበላለች፤ ውሃ ግን በጠርሙስ ከቤቷ ይዛ ነው የምትመጣው። ለምን እንደሆነ ሻሺቱ ጠይቃት አታውቅም፤ ጠርሙሱ ጠረጴዛው ላይ በመሃላቸው ይቀመጣል፣ እነሱም በጠርሙሱ ዙሪያ ስለ ሌላ ሌላ ነገር ያወራሉ። ዛሬ ግን ማንቆርቆሪያውን ስታየው ፊቷ ፈካ። የባህሪያን ማንቆርቆሪያ ታውቀዋለች።

«የሠርጉ ቀሪቦ ነው? ባጃጁ ውስጥ በሙቀት ሞቼልሻለሁ» አለችና ብርጭቆ አንስታ ቀዳች።

ሻሺቱ እጇን ያዘቻት። «አትጠጪው።»

«ለምን?»

«ሙቀት መቶታል። መጠጥ ሆኗል።»

ብሩክታዊት ብርጭቆውን አሸተተችው። ምንም አልገባትም፤ ግን አስቀመጠችው። «ታዲያ እነሱ ያውቃሉ?»

«አያውቁም።»

«ንገሪያቸዋ እማ! ሰዎቹ ሊመጡ ነው እኮ።»

«እንዳፍ ቀላል አይደለም ልጄ። ያቺ ከወራቤ የመጣችዋ ጠዋት ምን እንዳለች ብትሰሚ። ደግሞስ ቢጠጡት ምን ይሆናሉ? አምና የጓደኛሽ የሰብለ ሠርግ ላይ ያ ሁሉ የእናንተ ሰው ጠጥቶት ምን ሆነ?»

ይህን ካለች በኋላ ነው ያለችውን የሰማችው። ብሩክታዊት ቀስ ብላ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። የሰብለ ሠርግ በቤተ ክርስቲያናቸው አዳራሽ ነበር፤ ቀሪቦውን የሠራው ሌላ ሰው ነው። ሻሺቱ ያን ዕለት ከኋላ ተቀምጣ አንድ ጊዜ ጎንጨት ብላ ነበር ያወቀችው። መዘምራኑ እስከ ማታ ዘመሩ፤ እንደዚያን ቀን ሞቅ ያለ ዝማሬ ሰምታ አታውቅም። ሁሉም ደስ ብሎታል፣ ልጇም እንደዚያ ስትስቅ ከቆየች ቆይቷል፤ ሻሺቱ ብርጭቆዋን ወንበሯ ሥር አስቀምጣ ዝም አለች።

«እኔ ሦስት ብርጭቆ ጠጥቻለሁ» አለች ብሩክታዊት።

«አልሰከርሽም።»

«አንቺ እያየሽኝ።»

«ደስ ብሎሽ ነበር። ደስታሽን ላበላሽ?»

«ነገሩ መስከሩ አይደለም እማ።» ድምፅዋ ከፍ አላለም፤ ሻሺቱን የጎዳትም እሱ ነው። «አልጠጣም ያልኩት እኔ ነኝ። አራት ዓመት ሙሉ ውሃዬን ተሸክሜ እዚህ ቤት የምመጣው ላስቀይምሽ ብዬ መሰለሽ? አልጠጣም ካልኩ አልጠጣም ነው። አንቺ እያወቅሽ አስጠጣሽኝ።»

ልጇ በዚያ ጠርሙስ ስትጸየፋት የኖረች ይመስላት ነበር፤ ለካ ልጅቱ የምትጠብቀው የራሷ ቃል ነበራት። አፈረች። ባህሪያም አንድ ቀን እንዲህ ፊት ለፊቷ ተቀምጣ «አንቺ እያወቅሽ» ስትላት ታያት። በሩን ከመከልከልና ይህን ከመስማት የቱ እንደሚብስ ለማሰብ ብዙ አልፈጀባትም። ነጠላዋን አጣፋች፣ ማንቆርቆሪያውን አነሳች።

«ጋቢውን ይዘሽ እዚሁ ቆዪኝ» አለች። «ምናልባት ላይፈለግ ይችላል።»

የባህሪያ ግቢ በሴት ተሞልቶ ነበር። ሩዙ በትልቁ ድስት ይንተከተካል፤ ድንኳኑ ውስጥ ምንጣፍ ይነጠፋል። ሻሺቱ ባህሪያን በዓይኗ ጠቅሳ ወደ ዕቃ ቤቱ ወሰደቻት፤ ናዕማም ያልተጠራችበት እንዳይቀር ተከትላቸው ገባች። ዕቃ ቤቱ ከቆርቆሮ የተሠራ ነው፤ በዚህ ሰዓት እንደ ምድጃ ያቃጥላል። ጀሪካኖቹ ውሃ ውስጥ አልነበሩም። ግድግዳውን ተደግፈው ተደርድረዋል፣ ክዳናቸው ጥብቅ ተደርጎ ታስሯል፣ ሆዳቸው ተነፍቷል። ሻሺቱ የአንደኛውን ክዳን ስታላላው ፉጨት አሰምቶ አረፋ ገነፈለ። በጀሪካኑ አፍ ዙሪያ የስኳር ቅንጣት ተጣብቋል። አየችው፤ ስለ እሱ ግን ምንም አልተናገረችም።

«ባህሪ፣ ይኼ አይጠጣም» አለች። «መጠጥ ሆኗል። ያሰክራል።»

ባህሪያ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ናዕማ ግን ቀደመች። «ተናግሬ ነበር! ወላሂ ጠዋት ተናግሬያለሁ! አረቄ የለመደ እጅ ምን ቢነካ አረቄ ነው የሚሆነው። ሼኹ ሊጠጡት ነበር! የሱዓድ ባል ቤተሰቦች ሊጠጡት ነበር! የወንድሜን ቤት ልታዋርድ!»

ውጭ የሚከተፈው ነገር ቆመ። ሴቶቹ ጆሯቸውን ወደ ዕቃ ቤቱ እንዳዞሩ ሻሺቱ አወቀች። ስኳሩ የማን እጅ እንደሆነ ገምታለች፤ መናገርም ትችል ነበር፤ ነገር ግን ልጅ በሚዳርበት ቀን፣ በእንግዳ ፊት፣ የባል እህትን ማጋለጥ ባህሪያን ነው የሚጎዳው። «የሠራሁት እኔ ነኝ» አለች። «ቀኑ ሲተላለፍ ደፍቼ አዲስ መሥራት ነበረብኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው። አሁን አፍስሱትና ሌላ ፈልጉ፤ ሁለት ሰዓት አላችሁ።» ማንቆርቆሪያውን መሬት ላይ አስቀምጣ ልትወጣ ዞረች።

«ቁሚ ሻሺ» አለች ባህሪያ።

ባህሪያ ጎንበስ ብላ ከጀሪካኖቹ ኋላ አንድ ባዶ የላስቲክ ከረጢት አወጣች። የአራት ኪሎ ስኳር ከረጢት ነው፤ ትናንት ለሻይ ብላ ከመደብሩ ያስመጣችው። ከሥሩ ደግሞ የተቀደደ የእርሾ ወረቀት ነበር። ሁለቱን በእጇ ይዛ የባሏን እህት አየቻት። ከናዕማ ጋር በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ አንዲት ክፉ ቃል ተለዋውጠው አያውቁም።

«ናዕማ፣ ይኼ ስኳር የት ገባ?»

ናዕማ ወደ ጀሪካኖቹ ዞረች። «ማታ ስቀምሰው... ውሃ ውሃ ብሎኝ ነበር። አረፋም አልነበረውም፤ እርሾም ጠብ አደረግሁበት። ይጣፍጣል ብዬ... ውሃው ውስጥ ደግሞ ቆሻሻ ይገባበታል ብዬ አውጥቼ አሠርኩት።» ከሁለቱ አንዷ እንድታግዛት ተራ በተራ አየቻቸው። «ስኳርና የዳቦ እርሾ ብቻ እኮ ነው! ስኳር እንዴት አረቄ ይሆናል?»

«እርሾ ካገኘ ይሆናል» አለች ሻሺቱ። ልትናደድባት ፈልጋ አልሆነላትም፤ ሴትዮዋ ከልቧ ደንግጣለች። «ከየት ታውቂዋለሽ? ጠጥቶ የማያውቅ ሰው ይኼን አያውቅም።»

ከዚያ ናዕማ እጅጌዋን ሰብስባ አንዱን ጀሪካን አንስታ ወጣች። ሃያ ሊትር ነው፤ ማንንም አላስነካችም። ከግቢው ጀርባ ባሉት የፓፓያ ዛፎች ሥር ሦስቱንም በየተራ ደፋቻቸው፤ ሦስት ጊዜም እጇን በሳሙና ታጠበች። ባህሪያ ዕቃ ቤቱ ውስጥ የሻሺቱን ክንድ ይዛ ቀረች።

«ጠዋት ሰምተሻል አይደል?»

«ሰምቻለሁ።»

«ልጄን እየዳርኩ ነው፣ የባሌ እህት ናት፣ ሳልጣላ ልወጣው ብዬ...» አልጨረሰችውም። «አፉ በይኝ ሻሺ።»

«አፉ ብያለሁ። ዝም ማለትማ እኔም እችልበታለሁ» አለች ሻሺቱ፤ ለምን እንዲህ እንዳለች ግን አላስረዳቻትም።

ከዚያ በኋላ ሩጫ ሆነ። ኸሊፋ ከመደብሩ ተጠርቶ ስምንት ሳጥን ለስላሳ አስጫነ፤ ሲቀላ ላይ ሠርግ መሆኑ ከተሰማ አንዱ ሳጥን ላይ መቶ ብር መጨመሩ አይቀርም፤ ተጨመረ፤ ከፈለ። ኒካህ ያለ ቀሪቦ አይሆንም ያለችው ናዕማ ናት። ራሷ ባጃጅ ይዛ ከመስጊዱ አጠገብ ቀሪቦ እየሸጡ የሚተዳደሩ አንዲት አሮጊት ሐጂያ ቤት ሄደች። አሮጊቷ ሰላት የማያመልጣቸው፣ ከረመዳን ሌላ በየሳምንቱ ሰኞና ሐሙስ የሚጾሙ ሴት ናቸው ተብሎላቸዋል። ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ናዕማ ሁለት ጀሪካን አስጭና ተመለሰች። ጀሪካኖቹን ሴቶቹ ባሉበት አስወረደች። ሁሉም የሐጂያን ስም ሰምተው «አልሐምዱሊላህ፣ አሁን ልብ ያርፋል» አሉ፤ አንዷ ማንቆርቆሪያ ይዛ ልትቀዳ ቀረበች።

«ቆይ» አለች ናዕማ።

ብርጭቆ አጠበች። ቀዳችበት። ሰው በተሞላው ግቢ መሃል አቋርጣ፣ በትንሿ በር አጠገብ ከልጇ ጋር የቆመችው ሻሺቱ ጋ መጣች። ከሐሙስ ጀምሮ በቀጥታ አነጋግራት አታውቅም። ብርጭቆውን በሁለት እጇ ያዘችላት።

«እትዬ ሻሺቱ፣ ይቅመሱልኝ።»

ሻሺቱ ብርጭቆውን ተቀብላ አሸተተች፣ ጎንጨት አለች፣ በአፏ ውስጥ አቆየችው። የአሮጊቷ እጅ ጥሩ ነው፤ ገብሱ ትንሽ አርሯል እንጂ ንጹሕ ነው። እርሾው ግን ከጠዋት ጀምሮ ሥራ ላይ ነው፣ ቀኑም ይፋጃል። «ንጹሕ ነው» አለች። «ጥላ ውስጥ ይሁን፣ ክዳኑን አትጠርቅሙ። እስከ መግሪብ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ ድረስ ጠጡት። ከመግሪብ በኋላ ግን ለማንም እንዳትሰጡ።»

«እስከ መግሪብ» አለች ናዕማ፤ አንድም ነገር እንዳትረሳ እንደምትፈራ ሰው ደገመችው። ብሩክታዊት ከእናቷ እጅ ብርጭቆውን ወሰደችና የቀረውን ጠጣችው። ጠርሙሷ በቦርሳዋ ውስጥ ነበር።

ሽማግሌዎቹ ስምንት ሰዓት ብለው ዘጠኝ ሰዓት መጡ። ኒካሁ ታሰረ፤ ወንዶቹ በድንኳኑ፣ ሴቶቹ በቤት ውስጥ ሩዝና ሥጋ በሉ፣ ቀሪቦ ጠጡ። ኸሊፋ ሲያለቅስ እንዳይታይ ወደ በጎቹ ቆዳ ሄዶ ቆጠረ፤ ሁለት ብቻ ነበሩ። አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ሱዓድ ሒናዋ ደርቆ፣ ፊቷ ተሸፋፍኖ ወጣች። ባህሪያ ሰዉን በክርኗ ገፋ ገፋ አድርጋ «ሻሺን አሳልፏት» አለች፣ ሁለት ጊዜ፣ ጮክ ብላ። ሻሺቱ ጋቢውን ዘርግታ በልጅቱ ትከሻ ላይ አደረገች። ሱዓድ ጫፉን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ አሸተተችው።

«እማ ሻሺ፣ ያንቺን ቤት አይሸትም» አለች፤ ቅር ያላትም ትመስል ነበር። ሻሺቱ ሳቅና ለቅሶ አንድ ላይ መጣባት፤ ጋቢውን አስተካክላ መኪናው ውስጥ አስገባቻት።

ሙሽሮቹ ከሄዱ በኋላ ሰዉ ሳሳ። ከዶርዜ ተራሮች በላይ ያለው ሰማይ ቀላ፤ ከመስጊዱ የመግሪብ አዛን ተሰማ። ናዕማ አዛኑ ገና ሲጀምር ከተቀመጠችበት ተነስታ በየመደቡ ያሉትን ማንቆርቆሪያዎች መሰብሰብ ጀመረች። ግማሽ የቀረውን ማንቆርቆሪያ ከአንድ ሽማግሌ እጅ ልትቀበል ስትል ሰውየው ግራ ገብቶት ለቀቀላት። ሼኹ ለሰላት ሊነሱ ሲሉ ጉሮሯቸው ደርቆ ኖሮ ብርጭቋቸውን ዘረጉላት።

«አንዲት ጉንጭ ቅጂልኝ ልጄ።»

«አይሆንም ሼኽ» አለች ናዕማ። «ሰዓቱ አልፏል።»

«የምን ሰዓት?»

«የቀሪቦው። እስከ መግሪብ ብቻ ነው የተፈቀደው።»

ሼኹ ቅንድባቸውን አነሱ። «ማን ነው የፈቀደው?»

ናዕማ ማንቆርቆሪያዎቹን በደረቷ እንዳቀፈች፣ በትንሿ በር አጠገብ ጫማዋን አውልቃ እግሯን የምታሳርፈውን ሻሺቱን በአገጯ አመለከተች።

«እሳቸው ናቸው» አለች። «አረቄ ያወጣሉ፤ ያውቁታል።»

ሼኹ ሻሺቱን ለአፍታ አዩዋት። ከዚያ ብርጭቆውን ለናዕማ መለሱና ውሃ እንዲያመጡላቸው ጠየቁ።